ከሞምባሳ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ዲያኒ፦ ታክሲ ወይስ ሚኒባስ?

ሁለት ልጆችና ከባድ ሻንጣዎች ይዘው ከጅማ በአዲስ አበባ በኩል የሚጓዙ ከሆነ፣ ከኬንያዋ ሞምባሳ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ዲያኒ ባሕር ዳርቻ ታክሲ ይሻልዎታል፤ በዶንጎ ኩንዱ አዲሱ መንገድ ከሄደ ከሞምባሳ ከተማ ወደ ደቡቡ ማዶ ሰውና መኪና የሚያሻግረውን የሊኮኒን ጀልባ ሳይጠብቅ ያደርስዎታል።

በሚኒባስ ወጪው በጣም ቢቀንስም፣ መጀመሪያ ከተማ ገብተው፣ ለእግረኛ ነጻ በሆነው የሊኮኒ ጀልባ ሻንጣ እየጎተቱ ተሻግረው፣ ማዶ በሌላ ሚኒባስ ለዲያኒ ቅርብ እስከሆነችው ኡኩንዳ ከተማ፣ ከዚያም ጅማ እንደለመዱት ባለ ባጃጅ እስከ ሆቴልዎ መሄድ ይኖርብዎታል። ይህ ቦርሳውን አንግቶ ለሚጓዝ ወጣት እንጂ ለእርስዎ የሚሆን አይደለም።

ብቻ ሻንጣው ከመጫኑ በፊት ዋጋውን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ይስማሙ። ሾፌሩ «በጀልባ እንሻገር» ቢልዎት፣ በተለይ ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት የተሽከርካሪው ሰልፍ ስለሚረዝም፣ እሺ አይበሉ።