መልስ፦ የአያቴን ንግግር ከራሴ ልሙላው?

ስለ አያትሽ እውነተኛ ታሪክ እየጻፍሽ ነው፤ የተናገሩትን ግን ቃል በቃል አታስታውሺውም። ከራሴ ብሞላውስ ነው ጥያቄሽ።

እኔ አትሙዪው ባይ ነኝ። ይልቅ አለማስታወስሽን ራሱን ጻፊው። «እንዲህ ያሉ ይመስለኛል፤ እናቴ ግን ሌላ ነው የምትለው» በዪ። አንባቢ ይሄን ሲያይ ያምንሻል። አንዷን ቀን ሁለት ዘመዶች በሁለት መንገድ ሲያወሯት ደግሞ ከፈጠራ በላይ ትጣፍጣለች።

ደግሞስ ንግግር ብቻ ነው እንዴ? ረከቦቱ የት ነበር የሚቀመጠው? ሬዲዮው ተከፍቶ ነበር? ፎቶ ፈልጊ፣ ሰፈሩን ሄደሽ እይው። ለአንድ አንቀጽ ብዬ ሦስት አክስቶቼ ጋ ደውዬ አውቃለሁ። (ሁለቱ እስካሁን አልተስማሙም።)

ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ ስለ አፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የጻፈውን አስቢ። መጽሐፉ በ1978 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ብዕሩ ድንቅ ነው። ግን ንጉሡ መጽሐፍ አያነቡም ማለቱን አገሩን የሚያውቁ ተቺዎች አልተቀበሉትም። እስከ ዛሬ «የቱ እውነት፣ የቱ ፈጠራ?» እየተባለ ነው የሚነበበው።

የሰው ስም መቀየር ግን ችግር የለውም። መግቢያው ላይ ብቻ ንገሪን።