ለጋራዥህ ዋናውን ካቴጎሪ ከንግድ ፈቃድህ ላይ አትገልብጥ

የወልዲያው ወንድማችን፣ ጥያቄህን አየሁት። ጋራዥ ከፍተሃል። ጎሚስታም ላቫጆም አለህ፣ ትንሽ መለዋወጫም ትሸጣለህ። ጎግል ማፕ ላይ ስመዘገብ የትኛውን ካቴጎሪ (የሥራ ዓይነት) ዋና ላድርግ፣ የተፈቀደውን 10ሩንም ልሙላ ወይ ነው ያልከው። አብሽር። እኔም ኮምቦልቻ ላይ ያንተኑ ሥራ ነው የምሠራው። በዚህ ጉዳይ ገንዘቤም ጊዜዬም ሄዷል፣ ያንተ እንዲሄድ አልፈልግም። የማውቀውን ጀባ ልበልህ። አካውንት አከፋፈቱንና ፎቶ አጫጫኑን ዘልዬዋለሁ፣ እሱን ማንም ያሳይሃል።

1. ዋናው ካቴጎሪ አንድ ብቻ ነው። ተጨማሪ እስከ 9 ይፈቀዳል። ክብደቱ ግን ዋናው ላይ ነው። እሱን ስትመርጥ ንግድ ፈቃድህን አታውጣ። ሰው መኪናውን በርህ ላይ የሚያቆመው ለምን እንደሆነ ብቻ አስብ። የኔ ጣጣ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር "ጎግል ላይ እናወጣለን" ለሚል አንድ ቤት ከፈልኩ። ሁለት ፈቃድ ነው ያለኝ፣ አንዱ የመለዋወጫ ችርቻሮ፣ አንዱ የጥገና። ልጁ ከላይ ያገኘውን አንስቶ ዋናውን "አውቶ ፓርትስ ስቶር" (መለዋወጫ መሸጫ) አደረገው። ምን እንደምሠራ አንድ ቃል አልጠየቀኝም። ቆሞ ግቢውን ቢያይ እንኳ ይገባው ነበር።

ከዚያ በኋላ ስልኬ አላርፍ አለ። "የኤፍኤስአር ፍሬን ሸራ ስንት ነው?" "የዶልፊን ራዲያተር አለ?" እኔ የምይዘው ለራሴ ጥገና የሚሆን ጥቂት ዕቃ ነው። የለም ስላቸው ይቆጣሉ። አንዱ ከሐይቅ ድረስ መጥቶ ዕቃ አጥቶ ተመለሰና አንድ ኮከብ ሰጠኝ። አልፈርድበትም፣ የተጻፈውን አምኖ ነው የመጣው። መኪና የቆመበት ሹፌር ደግሞ "ጋራዥ" ብሎ ሲፈልግ እኔን አያገኘኝም። ከሚሌ በባቲ በኩል የመጣ ባለ ተሳቢ፣ ሞተሩ እየጨሰ፣ ስልኩን እያየ በሬን አልፎ ሌላ ቤት ሲገባ ቆሜ አይቻለሁ። የናፍጣ ሞተር ላይ ዕድሜዬን ለጨረስኩት ሰው ይህ ያንገበግባል።

ጎግል ውጤት ሲያወጣ በዋናነት ሦስት ነገር እንደሚያይ ራሱ ይናገራል። ከተፈለገው ነገር ጋር መግጠምህን፣ ርቀትህንና ታዋቂነትህን። ርቀቱን አትለውጠውም። ታዋቂነት በጊዜና በደንበኛ አስተያየት ይመጣል። ካቴጎሪው ግን ዛሬውኑ በእጅህ ነው።

2. 10ሩንም አትሙላ። መመሪያው ራሱ ሥራህን ለመግለጽ የሚበቃውን ያህል ጥቂት ምረጥ ነው የሚለው። ቤትህ ምን እንደሆነ ነው የሚጻፈው፣ ውስጡ ምን እንዳለ አይደለም። ያ ልጅ ግን ምንም አላስቀረም። ግቢዬ ውስጥ ቡና የምታፈላ እህት አለች፣ እሷን አይቶ "ካፌ" ብሎ ጨመረ። የሷ ሥራ የሷ ነው፣ ከፈለገች በራሷ ስም ትመዘገባለች።

አስተካክልልኝ ብዬ ስሄድ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ነገ ና፣ ከሰዓት ና፣ ኔትወርክ የለም። በመጨረሻ እንደ አዲስ ክፈል አለ። ለካ የመዘገበው በራሱ ጂሜይል ነው! ስሙ የኔ፣ ታፔላው የኔ፣ ላቡ የኔ፣ ማስተካከል የሚችለው ግን እሱ ብቻ። ስለዚህ ማንም ቢያግዝህ በራስህ ጂሜይል፣ በራስህ ስልክ ይሁን። ረዳት ካስፈለገህ ማናጀር አድርገህ ታስገባዋለህ፣ ስትፈልግ ታስወጣዋለህ።

ድጋሚ አልከፈልኩትም። የእህቴ ልጅ ማፑ ላይ የጋራዡን ገጽ ከፍታ የባለቤትነት ጥያቄ ላከችልኝ። የያዘው ሰው መልስ እንዲሰጥ 3 ቀን ይሰጠዋል። ዝም ካለ ራስህ የምታረጋግጥበት መንገድ ሊከፈትልህ ይችላል። ለኔ ተከፈተ፣ በቪዲዮ። ከአስፋልቱ ጀምረህ፣ ጎረቤት ያሉትን ቤቶች፣ ታፔላህን አሳይተህ፣ በሩን በራስህ ቁልፍ ከፍተህ ትገባለህ። ክሪኩን፣ ኮምፕሬሰሩን፣ ፈቃዱን ታሳያለህ። ሳይቋረጥ፣ ሳይቆራረጥ ነው የሚቀረጸው። የሠራተኛ ፊት አታስገባ። ካቴጎሪ ስትቀይርም እንደገና አረጋግጥ ሊልህ ስለሚችል ከመጀመሪያው አስተካክለህ ግባ።

አሁን ዋናው "አውቶ ሪፔር ሾፕ" (የመኪና ጥገና) ነው። ተጨማሪው "ትራክ ሪፔር ሾፕ" (የጭነት መኪና ጥገና) እና "ታየር ሾፕ" (ጎማ ቤት)፣ በቃ። መለዋወጫውን አወጣሁት። ዛሬ ሐርቡ ላይ የቆመበትም፣ ገርባ ላይ የቆመበትም በቀጥታ ይደውልልኛል። የሚጠይቀኝም ስለ ጥገና ነው። ያንተም ሥራ ያው ስለሆነ ይህንኑ አድርግ። ላቫጆው ለመታጠብ ብቻ የሚመጣ ደንበኛ ካለው "ካር ዎሽ" ጨምር። የጠገንከውን መኪና ብቻ ከሆነ የምታጥበው ተወው።

ስሙ ላይ ደግሞ ታፔላህ ላይ ያለውን ብቻ ጻፍ። "ምርጥ ጋራዥ ወልዲያ ጎማ ባትሪ ዘይት" እያሉ የሚደረድሩ አሉ፣ ክልክል ነው፣ ገጹን ሊያሳግድብህ ይችላል። ከተመዘገብክም በኋላ አልፎ አልፎ ግባና እይ። ማንም ሰው በገጽህ ላይ ለውጥ መጠቆም ስለሚችል ሳታውቀው ካቴጎሪህ ተቀይሮ ልታገኘው ትችላለህ።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክር። ወልዲያ ሆነህ ማፑ ላይ "ጋራዥ" ብለህ ፈልግ፣ ከዚያ "ጎማ" ብለህ። ከላይ የሚመጡት ቤቶች ዋና ካቴጎሪያቸው ከስማቸው ሥር ተጽፏል። ያየኸውን ጻፍልኝ፣ ጋራዥ ከዘጋሁ በኋላ አየዋለሁ።