ልጄን ጡት ባስጥለው ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ልጄ ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። ሥራ ከተመለስኩ ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ እየነቃ ሲጠባ ያድራል፤ በጣም ደክሞኛል። ጡት ላስጥለው ሳስብ አማቴ «እግዚአብሔር የሰጠሽን ወተት መከልከል ኃጢአት ነው፤ ሦስት ዓመት ይጥባ» አሉኝ። ለመሆኑ የተወሰነ ዕድሜ አለ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ። ከሁሉ በፊት ልብሽ ይረፍ፤ እስከዚህ ዕድሜ አጥቢ፣ ከዚያ ወዲያ አታጥቢ የሚል ትእዛዝ በመጽሐፍ ቅዱስ የለም።

1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1ን ረጋ ብለሽ አንብቢው። ሐና ሳሙኤልን ያገኘችው በልቅሶና በስለት ነው። ቤተሰቡ በየዓመቱ ለመሥዋዕት ወደ ሴሎ ሲወጣ እርሷ ግን ሕፃኑ ጡት እስኪተው አልወጣም አለች። ባሏ ሕልቃናም ደስ ያሰኘሽን አድርጊ አላት። እዚህ ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ሰውየው መሥዋዕቱን የማያስታጉል፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያደረበት ነው፤ ጡት የማስጣያውን ጊዜ ግን ለእናትየዋ ተወላት። ለእግዚአብሔር የተሳለው ልጅ እንኳ ጠብቶ እስኪበቃው ተጠበቀ። ስንት ዓመት እንደጠባ ግን መጽሐፉ አልነገረንም። ሙሴንም ወላጅ እናቱ ከፈርዖን ልጅ ደመወዝ እየተቀበለች አጥብታዋለች፤ እዚያም ዓመቱ አልተቈጠረም።

የሐኪሞችንም ቃል ስሚ፤ ዕውቀታቸው የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ 6 ወሩ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ የእናቱን ጡት ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመት ወይም ከዚያም በላይ እንዲጠባ ይመክራል። ስለዚህ አቅሙ ካለሽ የቀሩትን አራት ወራት ብትጨርሺለት መልካም ነው እላለሁ። ካቃተሽ ግን አቃተሽ። አማትሽ የተናገሩት ለልጁ ሳስተው ነውና በአክብሮት አድምጫቸው፤ ኃጢአት የሚለውን ቃል ግን ተሸክመሽ አትዙሪ። እግዚአብሔር ያላዘዘውን ኃጢአት ማለት የደከመን ሰው ማቍሰል ነው።

አንድ ጊዜ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት እያለቀሰች መጣች። ታማ ወተቷ ደርቆባት ልጇን በአምስት ወሩ ጡጦ አስጀምራዋለች። «ልጄን በደልኩት» ትላለች። ልጁ እቅፏ ውስጥ ነው፤ በአንድ እጁ ጡጦውን ይዞ፣ በሌላው አንገቷ ላይ ያለውን መስቀል እየዳበሰ እንቅልፍ ወሰደው። እርሷ ስታለቅስ እርሱ ተኝቷል። መዝሙረኛው የነፍሱን ዕረፍት የመሰለው ጡት ባስጣሉት ሕፃን ነው፤ ያ ሕፃን ደግሞ ከጡት ተለየ እንጂ ከእናቱ እቅፍ አልተለየም። መዝሙር 130ን (በሌላው አቈጣጠር 131) በዚህ ዓይን ተመልከቺው።

ስታስጥዪውም በአንድ ቀን አትቍረጪበት። ጡትሽ ተወጥሮ ሊያምሽ፣ ሊቈስልም ይችላል፤ ልጁም ይደናገጣል። መራራ ቀብቶ ማስፈራራቱን እኔ አልወደውም፤ የሚያምነው ነገር በድንገት ሲመርበት ምን ብሎ ይረዳዋል? በየጥቂት ቀኑ አንድ ጊዜ ቀንሺለት። ሌሊት ሲነቃ አባቱ ያባብለው፤ ይህ የእርሱም ድርሻ ነው። ከታመመ ግን እስኪሻለው አቆዪው።

አብርሃም ይስሐቅ ጡት በተወበት ቀን ትልቅ ግብዣ አድርጓል (ዘፍጥረት 21፥8)። የአንቺም ልጅ ጡት ሲተው እንደ አቅምሽ አመስግኚ። አማትሽንም ጥሪያቸውና ልጁን ይመርቁት።