ብርሃኑም ድምፁም ለምን አስፈለገ?

«የአባቴን የልብ ደም ስር ከውስጥ በብርሃንም በአልትራሳውንድም እናየዋለን አሉን። አንዱ አይበቃም? ወይስ ሒሳብ ለማብዛት ነው?» ላልሽው እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዜር ይማርልሽ።

እኔ አሜሪካ ውስጥ የልብ ካቴተር ክፍል ቴክኒሻን ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ስክሪኑ ላይ ግን ሳፈጥ ነው የምውለው።

እውነት ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ይበቃል። ሁለቱ አብረው የሚፈለጉት አንዱ የማያየውን ሌላው ስለሚያይ ነው።

ብርሃኑ፣ ኦሲቲ የምንለው፣ ከ10 እስከ 20 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የምታህል ነገር ይለያል። በደም ስሩ ግድግዳ ውስጥ የተጠራቀመውን ስብ የሸፈነችው ስስ ሽፋን ከ65 ማይክሮን ከሳሳች ትቀደዳለች ብለን እንሰጋለን። የፀጉር ዘለላ ብታክል ነው! እሷን ለማየት ከኦሲቲ የተሻለ የለም። ግን ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚዘልቀው፤ ስብ ሲያጋጥመው ደግሞ እዚያው ይዋጣል። ደም ካለም አያይም። ስለዚህ ኮንትራስት የሚባለው ለምርመራ የሚሰጥ ፈሳሽ ተገፍቶ ደሙ ለጥቂት ሰከንድ ገለል ማለት አለበት።

አልትራሳውንዱ፣ አይቨስ፣ ደም አያግደውም። 5 ሚሊሜትርና ከዚያም በላይ ዘልቆ የቧንቧውን ግድግዳ እስከ ውጭው ያሳያል። ምስሉ ግን ደብዘዝ ይላል። ግድግዳው ላይ የጠጠረ ካልሲየም ሲነካ ደግሞ ድምፁ ነጥሮ ይመለሳል፤ ከኋላው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው።

ይሄ ጥላ አንዴ ጉድ ሠርቶናል። በአይቨስ ካልሲየሙ ዙሪያውን እንደያዘ አየን፤ ውፍረቱን ግን አላወቅንም። ቧንቧውን የምናሰፋበት ትንሽ ፊኛ፣ ባሉኑ፣ ቢነፋ ቢነፋ ቧንቧው ንቅንቅ አልል አለ። በኋላ በኦሲቲ ሲታይ ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ወፍሯል። መጀመሪያ ካልሲየሙን በድምፅ ሞገድ መሰንጠቅ ነበረብን። እንደዚያ የወፈረ፣ ከዙሪያው ግማሹን ያለፈና ከ5 ሚሊሜትር የረዘመ ካልሲየም ካለ ስቴንት፣ ማለትም ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዘው የሽቦ ቱቦ፣ በደንብ ላይከፈት ይችላል።

ሁለቱን በየተራ ማስገባት የራሱ ጣጣ አለው። ምስል የሚያነሱት በደም ስሩ ውስጥ ወደ ኋላ እየተጎተቱ ነው፤ የሚጎተቱበት ፍጥነት ግን ይለያያል፤ ያው ቦታ መሆኑን የምናረጋግጠው የጎን ቅርንጫፎችን ምልክት አድርገን ነው። ሁለቱን አንድ ጫፍ ላይ የያዘ ካቴተርም (ደም ስር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) አለ፤ የካናዳው ኖቫሳይት ሃይብሪድ አንዱ ነው። እኛ ጋ ገና አልገባም፤ እቀናለሁ።

ለመሆኑ የአባትሽ ኩላሊት እንዴት ነው? ኮንትራስቱ የሚከብደው እሱ ላይ ነው። የመጨረሻውን የክሬቲኒን፣ ማለትም የኩላሊት የደም ምርመራ፣ ውጤት ይዛችሁ ሂዱ። ጥሩ ካልሆነ ሐኪሙ ብርሃኑን ትቶ በአልትራሳውንዱ ብቻ ሊሠራ ይችላል።