ዕጣ ስለሌለበት ጨዋታ ለወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ካርታ ተጫውታችሁ ብትሸነፉ «ካርታዬ መጥፎ ነበር» ትላላችሁ። ዳይስ ብትወረውሩም እንዲሁ። በዳማ፣ በቼዝ፣ በገበጣ፣ ጎ በሚባለው የቻይና ጥንታዊ የሰሌዳ ጨዋታ ወይም በሄክስ ግን እንዲህ የምትሉበት ቀዳዳ የለም። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ሁሉ ለሁለቱም እኩል ይታያል፤ የተሸፈነ ነገር የለም፣ በዕድል የሚመጣም የለም። የተሸነፈ ሰው የተሸነፈው በራሱ እርምጃ ነው፤ ያውም ተፈልጎ በጣት ሊጠቆም በሚችል እርምጃ። ብዙ ወጣቶች ከእነዚህ ጨዋታዎች የሚሸሹት በዚህ የተነሳ ይመስለኛል። እኔ ግን ቅረቧቸው የምላችሁ በዚሁ የተነሳ ነው።

በትንሹ ልጀምር። ጠጠር ልቀሙና ሦስት ክምር አድርጉ፤ አንዱ 3፣ አንዱ 4፣ አንዱ 5 ይሁን። ተራው የደረሰ ሰው ከአንድ ክምር ብቻ የፈለገውን ያህል ያነሳል፤ ቢያንስ ግን አንድ ማንሳት አለበት። የመጨረሻዋን ጠጠር ያነሳ ያሸንፋል። ኒም የሚባለው ጨዋታ ይህ ነው። ቻርልስ ቡተን የተባለ የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1901 ምስጢሩን ዘርዝሮ አሳትሟል። እያንዳንዱን ክምር በ4፣ በ2 እና በ1 ከፋፍሉት፦ 3 ማለት 2 እና 1 ነው፤ 4 እንዳለ ይቀመጣል፤ 5 ማለት 4 እና 1 ነው። አሁን ቁጠሩ። 4 ሁለት ጊዜ አለ፣ 1 ሁለት ጊዜ አለ፣ 2 ግን ብቻውን ቀርቷል። ጥንድ ያጣውን አንሱት፤ ከ3ቱ ክምር 2 ውሰዱና 1፣ 4፣ 5 አድርጉት። ከዚህ በኋላ ተጋጣሚያችሁ የቱንም ቢነካ አንድ ጥንድ ያፈርሳል፤ እናንተም በተራችሁ ትመልሱታላችሁ። 4ቱን በሙሉ ቢያነሳ 1 እና 5 ይቀራሉ፤ ከ5ቱ 4 ታነሱና 1 ለ1 ታደርጓቸዋላችሁ። አንዱን ሲወስድ ሌላው የእናንተ ነው።

ኒም ምስጢሩ ከታወቀ በኋላ ጨዋታነቱ ያበቃል። በ7 ዓምድና በ6 ረድፍ የሚጫወተው አራት የመደርደር ጨዋታም እ.ኤ.አ. በ1988 ተፈቷል፤ መጀመሪያ የሚጫወተው መካከለኛው ዓምድ ላይ ጥሎ በትክክል ከቀጠለ ያሸንፋል። በ8 በ8 ሰሌዳ የሚጫወተው የእንግሊዝ ዳማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ተፈታ። ጆናታን ሼፈርና ባልደረቦቹ ሥራውን ከ1989 ጀምረው ነበር፤ መልሱም ሁለቱም ሳይሳሳቱ ከተጫወቱ አቻ ይወጣሉ የሚል ነው። ታዲያ ዳማ ሞተ? አልሞተም። በዚያ ዳማ ሊፈጠር የሚችለው የጠጠር አቀማመጥ ብዛት ከ5 በኋላ 20 ዜሮ ተደርድሮ የሚጻፍ ነው። መልሱ የተቀመጠው በኮምፒውተር ውስጥ እንጂ ፊታችሁ በተቀመጠው ሰው ጭንቅላት ውስጥ አይደለም። እርሱ እንደ እናንተው ሦስትና አራት እርምጃ አሻግሮ እያየ፣ የቀረውን በቅርጽና በስሜት እየገመተ ነው የሚጫወተው።

የትኛውን ልምረጥ ለሚለኝ፣ የእኔ ምርጫ ሄክስ ነው፤ ሕጉ በአንድ ደቂቃ ይነገራልና። ፒት ሃይን በዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ከዚያም ጆን ናሽ በአሜሪካ በ1948 ለየብቻቸው የደረሱበት ጨዋታ ነው። የተለመደው ሰሌዳ 11 በ11፣ ማለትም 121 ባለ ስድስት ጎን ክፍሎች ያሉት ነው። ለጀማሪ ግን 7 በ7 ይበቃል። ባለ ስድስት ጎን መሣል ካስቸገራችሁ የሒሳብ ደብተር ባለ ካሬ ወረቀት ይሠራል፤ አንድ ነገር ብቻ ተስማሙ። እያንዳንዱ ካሬ ስድስት ጎረቤት አለው፦ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ እንዲሁም ላይኛው ቀኝ ማዕዘንና ታችኛው ግራ ማዕዘን። ላይኛው ግራና ታችኛው ቀኝ ግን ጎረቤት አይደሉም። የላይና የታች ጠርዝ የጥቁር፣ የግራና የቀኝ ጠርዝ የነጭ ነው። በየተራ አንድ ጠጠር ባዶ ካሬ ላይ ይቀመጣል፤ ከተቀመጠ አይነሳም፣ አይንቀሳቀስም። ሁለቱን ጠርዞቹን ባልተቋረጠ ሰንሰለት ያገናኘ ያሸንፋል። ጀማሪዎች በወረቀት ሲጫወቱ የሚበዛው ጠብ ጎረቤት ባልሆነው ማዕዘን «ተገናኘሁ» ከማለት የሚመጣ ስለሆነ፣ ከመጀመራችሁ በፊት የጎረቤቱን አቅጣጫ በወረቀቱ ጥግ በቀስት አስምሩበት።

አሁን ያንን ጎረቤት ያልሆነ ማዕዘን ደግማችሁ ተመልከቱት። አንድ ጥቁር ጠጠር አለ፤ ሌላ ጥቁር ከእርሱ በታችኛው ቀኝ ማዕዘን ላይ አለ። አይነካኩም። በመካከላቸው ግን ሁለቱንም የሚነኩ ሁለት ባዶ ካሬዎች አሉ፤ አንደኛው ከመጀመሪያው ጠጠር በስተቀኝ፣ ሌላኛው ከእርሱ በታች። ነጭ አንዱን ቢይዝ ጥቁር ሌላውን ይይዛል፤ ተገናኙ። ይህ ድልድይ ይባላል። ጠጠር ከጠጠር እያጣበቀ የሚሄድ ጀማሪ በአንድ ተራ አንድ ካሬ ይራመዳል፤ በድልድይ የሚሄድ ግን በእጥፍ ፍጥነት ይገሰግሳል፣ ሰንሰለቱም አይበጠስም።

አይበጠስም ስል ግን በአንድ ሁኔታ ነው። ሁለት ድልድዮች አንድ ባዶ ካሬ ከተጋሩ፣ ነጭ እዚያች ካሬ ላይ ሲቀመጥ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይወጋል፤ እናንተ ደግሞ ማዳን የምትችሉት አንዱን ነው። ድልድይ መሥራት የተማሩ ልጆች የሚሸነፉት ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ድልድይ በዘረጋችሁ ቁጥር ሁለቱ ባዶ ካሬዎቹ የእርሱ ብቻ መሆናቸውን አረጋግጡ። ሌላው የጀማሪ ስህተት የተጋጣሚን ጠጠር አፍንጫው ሥር ሄዶ መጋረጥ ነው። ተጠግታችሁ ስታግዱት በጎን በድልድይ ያልፋችኋል፤ ሁለት ሦስት ረድፍ ርቃችሁ ብትጠብቁት ግን በየትኛው ጎን እንደሚመጣ አይታችሁ ለመመለስ ጊዜ ታገኛላችሁ።

በሄክስ አቻ የሚባል ነገር የለም። ጥቁርን ከላይ እስከ ታች ሙሉ በሙሉ ሊያግደው የሚችለው ከግራ እስከ ቀኝ የተያያዘ የነጭ ሰንሰለት ብቻ ነው፤ ያ ከሆነ ደግሞ ነጭ አሸንፏል ማለት ነው። መከላከልና ማጥቃት አንድ ነገር የሚሆኑበት ጨዋታ ከዚህ የጠራ አላየሁም። ናሽ መጀመሪያ የሚጫወተው ሰው የማሸነፊያ መንገድ እንዳለው አረጋግጧል፤ ማረጋገጫው ግን መንገዱ የቱ እንደሆነ አያሳይም። ይህን ብልጫ ለማካካስ መጀመሪያ የተጫወተው አንድ ጠጠር ካስቀመጠ በኋላ ሁለተኛው ተጫዋች ጎን የመቀየር መብት ይሰጠዋል። አንዱ ይቆርሳል፣ ሌላው ይመርጣል። መሃል ላይ ብታስቀምጡ ይወሰድባችኋል፤ ስለዚህ እናንተም ብትይዙት የማይቆጫችሁን፣ እርሱም ቢወስደው የማይቆጫችሁን ካሬ መፈለግ ይኖርባችኋል።

የተጋጣሚን ጠጠር በራስ ጠጠሮች መካከል አስገብቶ ወደ ራስ ቀለም የሚገለበጥበትን ኦቴሎን ከመረጣችሁ ደግሞ አንድ ነገር አስጠንቅቃለሁ። በ64 ካሬ ላይ በ4 ጠጠር ይጀምራል፤ በመጨረሻ ብዙ ጠጠር ያለው ስለሚያሸንፍ ጀማሪ ከመጀመሪያው ብዙ ለመገልበጥ ይጣደፋል። በጨዋታው አጋማሽ ብዙ ጠጠር ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያጣል፤ ከዚያ ከማዕዘኑ በሰያፍ ወዳለችው ካሬ ሳይወድ ይገባና ማዕዘኑን ይሰጣል። ማዕዘን ላይ የተቀመጠ ጠጠር ደግሞ እስከ መጨረሻው አይገለበጥም። ጎ የሚባለውንም ጨዋታ በ361 ነጥቡ ሰሌዳ አትጀምሩ፤ 9 በ9 ላይ ሃምሳ ጨዋታ ያህል ተጫወቱ። ችሎታችሁ ካልተመጣጠነ ደካማው ከመጀመሪያው ሁለት ወይም ሦስት ጠጠር ሰሌዳው ላይ አስቀምጦ ይጀምር።

የትኛውንም ብትይዙ ጨዋታውን ጻፉት። ዓምዶቹን በፊደል፣ ረድፎቹን በቁጥር ሰይሙና የየተራውን እርምጃ መዝግቡ፤ የ7 በ7 ሄክስ ሙሉ ጨዋታ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ስትሸነፉ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ሂዱ። በየእርምጃው «እዚህ ሌላ ቦታ ባስቀምጥ ይተርፈኝ ነበር?» በሉ። መልሱ መጀመሪያ «አዎ» የሚሆንበት ቦታ ላይ ቁሙ። ብዙ ጊዜ እናንተ ከምታስታውሱት የመጨረሻ ስህተት አምስት ስድስት እርምጃ ቀድሞ ታገኙታላችሁ። ኮምፒውተር ጠይቁ አትጠይቁ አልልም፤ አልፋጎ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2016 ኮሪያዊውን የጎ ባለሙያ ሊ ሴዶልን 4 ለ1 ካሸነፈ ወዲህ የጎ ባለሙያዎች ራሳቸው ከማሽን እየተማሩ ነው። ግን ራሳችሁ ፈልጋችሁ አንድ እርምጃ ከጠረጠራችሁ በኋላ ጠይቁት። ቀድማችሁ ከጠየቃችሁት የተሻለውን ቦታ ይነግራችኋል፤ ለምን እንዳላያችሁት ግን አይነግራችሁም፤ የሚጠቅማችሁ ደግሞ ይኸኛው ነው።

ተጋጣሚ ስትመርጡ ከእናንተ ትንሽ የሚበልጥና ከጨዋታ በኋላ አብሯችሁ ለመቀመጥ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ፈልጉ። የተጫወታችሁትን እርምጃ አትመልሱ፤ እጅ ከጠጠሩ ከተነሳ ተነሳ ነው። ሰዓት ካላችሁ ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ በቂ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ጠጠሮቹን ወዲያው አትጥረጉ። መዝገባችሁን ይዛችሁ የተጠረጠረችው እርምጃ 17ኛዋ ከሆነች ሰሌዳውን እስከ 16ኛዋ ድረስ መልሱት፤ ጎን ተቀያየሩና ከዚያ ጀምራችሁ እንደገና ተጫወቱ። እናንተ ያጣችሁትን መልስ ተጋጣሚያችሁ ያገኘው እንደሆነ እዩ።