ጥያቄና መልስ፦ ዜና አንባቢዋ ጎረቤታችን

አስተባባሪ፦ ሰላም የኮዬ ፈጬ ጎረቤቶች፣ እንኳን ለሰንበት አደረሳችሁ። ቃል በገባነው መሠረት ለዓመታት ማታ ማታ ዜና ሲያነቡልን የኖሩት እትዬ ዛሬ እስከ ምሳ ሰዓት ጥያቄያችሁን ይመልሳሉ። ጡረታ ወጥተው እኛው መካከል ናቸው፤ ማን እንደሆኑ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የውሃ ፈረቃና የጥበቃ መዋጮ ዛሬ አይነሣም።

እትዬ፦ እንደምን አረፈዳችሁ። አስቀድሜ ልናገር። የሠራሁበትን ጣቢያ ስም አልጠራም፣ ፖለቲካ አልመልስም፣ በድምፅ የተቀዳ ጥያቄም አልሰማም። ጡረታ የወጣሁት ጆሮዬን ላሳርፍ ነው። ጻፉ።

የሊያ እናት፦ እትዬ፣ ልጄ ሊያ 12 ዓመቷ ነው፣ ድምፅዋ ማር ነው። ዜና አንባቢ እንድትሆን ምን ላድርግላት?

እትዬ፦ ድምፅዋን ተይው። በየቀኑ ጮክ ብላ ታንብብ።

የሊያ እናት፦ ምን ታንብብ?

እትዬ፦ ያገኘችውን። የዘይት ጀሪካን ላይ ያለውንም ቢሆን።

ሹፌሩ፦ በሥራው ከሁሉ የሚከብደው ምንድን ነው? በቀጥታ ሲተላለፍ ያለው ፍርሃት ነው?

እትዬ፦ ፍርሃቱ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይለቃል፤ ሥራ ይሆናል። እስከ መጨረሻው የማይለቅህ ፊደላችን ነው። ፊደላችን ሁሉን ይጽፋል፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ግን ለአንባቢው ትቶለታል። «ቡድናችን ነገ ይመታል» የሚል ይምጣልህ እንበል። አላልተህ ካነበብከው መቺዎቹ እኛ ነን። «መ»ንና «ታ»ን ካጠበቅሃቸው ተመቺዎቹ እኛ ነን። ወረቀቱ ላይ የአንዲት ነጥብ ልዩነት የለም። «ሥልጠና ይሰጣል» ሲልህም እንዲሁ ነው፤ ሰጪው ማን እንደሆነ ካልገባህ ታጠብቀው ወይስ ታላላው? «ዋና ዳይሬክተር» የሚለውን አላልቶ ያነበበ ልጅ አውቃለሁ፤ ሰውየውን ዋናተኛ አደረጋቸው።

የራሴን ልንገራችሁ። በጀመርኩበት ዓመት አንድ የጤና ዜና ነበር። «በሕፃናቱ ገላ ላይ ሽፍታ ታይቷል» ይላል። «ፍ»ን ማጥበቅ ነበረብኝ፤ አላላሁት። ጫካ የገባውን ሽፍታ ከነጠመንጃው አምጥቼ ሕፃናቱ ገላ ላይ አቆምኩት። የካሜራ ባለሙያው ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል፤ እኔ ግን ቀጣዩን ዜና ፊቴን ሳልለውጥ ማንበብ አለብኝ። ቤት ስገባ እናቴ «ሽፍታው ተያዘ ወይ?» ብላ ተቀበለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ቀይ እስክሪብቶ ሳልይዝ ስቱዲዮ ገብቼ አላውቅም። በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ሁለት ነጥብ አደርጋለሁ።

ሌላው ጣጣ ግሳችን ነው። አማርኛ ፍርዱን የሚሰጠው ሲጨርስ ነው። «ምክር ቤቱ በዛሬው ዕለት ባካሄደው ስብሰባ የቀረበለትን ረቂቅ» እያልክ ከተጓዝክ በኋላ ነው «አጸደቀ» ይሁን «ውድቅ አደረገ» የምታውቀው። መጨረሻውን አስቀድሞ ያላየ አንባቢ የሠርግ ዜማ ይዞ ይሄድና ግሱ ላይ ሲደርስ ለቅሶ ቤት መሆኑን ይረዳል። ስለዚህ ወረቀት ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማየው አራት ነጥቡ ያለበትን ነው። ቀጥዬ ትንፋሽ የምወስድበትን ቦታ በሰረዝ አሰምርበታለሁ። «እንደገለጹት… መሆኑን አስታውሰው… እንደሚገባ ጠቁመው… አሳስበዋል» እያለ ስምንት መስመር የሚጽፍ ኤዲተር አለ፤ አንባቢ ሳንባ ያለው ፍጡር መሆኑን ረስቷል። ከእንዲህ ዓይነቱ ጋር ስጣላ ነው ያረጀሁት።

ቆጣሪ አንባቢው፦ እትዬ፣ እኔም አንባቢ ነኝ፣ የመብራት ቆጣሪ። ደመወዙ ስንት ነው?

እትዬ፦ ከአንተ ብዙ አይርቅም። ቀጥሉ።

የናቲ አባት፦ ወረቀት ሳያዩ ያን ሁሉ እንዴት ነው የሚሸመድዱት?

እትዬ፦ ማን ይሸመድዳል? ከካሜራው ሌንስ ፊት ዘመም ያለ መስታወት አለ። ከሥሩ የተኛ ስክሪን ጽሑፉን ገልብጦ ያሳያል፣ መስታወቱ መልሶ ያቃናዋል። እኔ ጽሑፉን አያለሁ፤ ካሜራው በመስታወቱ አሳልፎ እኔን ያያል፣ ጽሑፉ ግን አይታየውም። ፕሮምፕተር ይሉታል። ጽሑፉን የሚያንቀሳቅስ ሰው አለ፤ የእሱ ሥራ አንተን መከተል ነው። ጀማሪ ይህን አያውቅም። ጽሑፉ እንዳያመልጠው ይፈጥናል፣ ሰውየውም አንባቢው ፈጠነ ብሎ ያፈጥናል፣ ሁለቱ ሲሯሯጡ ዜናው ሳይታሰብ ያልቅና አዘጋጁ ክፍተቱን የሚሞላበት ያጣል። ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ወረቀት ለጌጥ አይደለም። ማሽኑ በቆመ ጊዜ ዓይኔ ዝቅ የሚለው እሱ ላይ ነው፤ ስለዚህ አንድ ዜና ባነበብኩ ቁጥር አንድ ገጽ እገልጣለሁ። ሳይገልጥ ቆይቶ ማሽን የቆመበት ሰው ሲፈልግ ያየሁትን ለጠላቴም አልመኝ።

ሦስተኛ ፎቅ፦ እትዬ፣ ከዝናቡ ወዲህ ቴሌቪዥኔ «ሲግናል የለም» ይላል። ምን ይሻለኛል?

እትዬ፦ እኔ ዲሽ አልጠግንም።

ዲሽ ሠሪው፦ ወዴት ነው የዞረው? ናይልሳት ከሆነ ወደ ምዕራብ፣ ኢትዮሳት ከሆነ ወደ ምሥራቅ ነው።

ሦስተኛ ፎቅ፦ ወደ ብሎክ 9 ነው የዞረው።

ዲሽ ሠሪው፦ ብሎክ 9 ላንተ ምሥራቅ ነው ምዕራብ?

ሦስተኛ ፎቅ፦ ጠዋት ፀሐይ የሚከልለን እሱ ነው።

ዲሽ ሠሪው፦ እንግዲያው ምሥራቅ ነው። ሳህኑ ላይ ልብስ አስጥታችኋል?

ሦስተኛ ፎቅ፦ ብርድ ልብስ ብቻ።

እትዬ፦ በውስጥ መስመር ጨርሱ።

የድሮ ሰው፦ እንደ ደምሴ ዳምጤ ያለ አንባቢ ከየት ይመጣል! በ1979 ለሴካፋ ዋንጫ ዚምባብዌን በመለያ ምት ስናሸንፍ ሬዲዮኑን አቅፈን ነበር።

ሹፌሩ፦ ደምሴ እኮ የስፖርት ጋዜጠኛ ነው፣ ዜና አንባቢ ሳይሆን። ዓመቱም 1980 ነው።

የድሮ ሰው፦ 79 ነው። ፈረንጆቹ 1987 ብለው ጽፈውታል፣ ስምንት ቀንስ።

ሹፌሩ፦ ሰባት ነው የሚቀነሰው።

ቆጣሪ አንባቢው፦ ስምንት ነው። ፓስፖርቴ ላይ በስምንት ነው ያሰሉልኝ።

እትዬ፦ አቁሙ፣ ይህ የእኔ ነው። ሁላችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ የሚቀነሰው 7 ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ነው። ጋሼ፣ የእርስዎ ጨዋታ ዲሴምበር ላይ ነበር፤ ስለዚህ ከ1987 ላይ 7 ይቀንሱ፣ 1980 ነው። መንግሥቱ ኃይለማርያም ከሀገር የወጡት ደግሞ ሜይ 1991 ነው፤ እዚያ ላይ 8 ይቀንሱ፣ ግንቦት 1983። ከውጭ ዜና ወኪል የሚመጣ ዜና ሁሉ እዚህ ወንፊት ውስጥ ያልፋል። አዲስ ዓመታችን አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይውላል፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት በዘመነ ሉቃስ ማግሥት ግን 12 ላይ ነው፤ ይህን የማያስብ ተርጓሚ ዓመቱን ሙሉ ሳይሳሳት ከርሞ እዚያች ሰሞን ላይ ቀን ያዛባል።

ሰዓቱ ይብሳል። በግሪንዊች ሰዓት ማክሰኞ 22፡30 ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ ይላል ወኪሉ። ሦስት ስትደምር ረቡዕ 1፡30 ይሆንብሃል። ያ በእኛ 7 ሰዓት ተኩል ነው፣ የሌሊቱ። «ረቡዕ 7 ሰዓት ተኩል» ብለህ ካነበብከው አድማጭህ ምሳ ሰዓት ላይ ይመስለዋል። «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል» ነው የሚባለው። «አጥቢያ» የምትለዋን ቃል ወጣቶቹ እየጣሏት ነው፤ ምን እንዳስቀየመቻቸው እንጃ።

የድሮ ሰው፦ እሺ 80 ይሁን። ደምሴ ግን ደምሴ ነው።

እትዬ፦ እሱን ማን ካደ?

አዲስ ገቢ፦ የጠዋት ዜና ሲያነቡ ከዚህ ከኮዬ እንዴት ይደርሱ ነበር? እኔ 2 ሰዓት ለመግባት 11 ሰዓት ተነሥቼም ይረፍድብኛል።

እትዬ፦ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ሰርቪስ ይመጣልኛል። እኛ በገባንበት ጊዜ የብሎኩ ግማሽ ባዶ ነበር፤ መንገዱ ኮረኮንች፣ የመንገድ መብራት የሚባል የለም። ሾፌሩ ጥሩንባ አይነፋም፤ ጎረቤት እንዳይቀሰቅስ የመኪናውን መብራት ብልጭ ድርግም ያደርጋል። አንድ ሌሊት ብልጭ ሲያደርገው በእኔና በመኪናው መካከል ጅብ ቆሟል። ደግሞ ሲያበራው ሁለት ናቸው። ተመልሼ ደረጃው ላይ ወጣሁ። ሾፌሩ ወርዶ እንዳያባርር እሱም ነፍስ አለው። እንዲህ እንደተፋጠጥን ሩብ ሰዓት ያህል ሄደ። ስደርስ ፓውደር የምትቀባኝ ልጅ «ዛሬ ምነው ገረጣሽ?» ትለኛለች። 12 ሰዓት ላይ «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደራችሁ» አልኩ፤ አንድም ሰው አላወቀብኝም።

የማታው ተራ ደግሞ ሌላ ነው። የሁለት ሰዓቱን ዜና ጨርሼ፣ ሰርቪሱ በየሰፈሩ ሰው ሲያወርድ አምሽቶ፣ የዳር ሰው ስለሆንኩ የመጨረሻዋ ወራጅ እኔ ነኝ። ልጆቼ ተኝተዋል። ትንሿ አንድ ቀን ለአባቷ ከሰሰችኝ፤ «እማዬ ለሁሉም ሰው ደህና እደሩ ትላለች፣ ለኛ ግን አትመጣም» ብላ። ከዚያ በኋላ «ደህና እደሩ» ስል በግራ እጄ አንዲት ወረቀት ነካ አደርግ ነበር፤ ምልክታችን እሷ ናት። አለቆቼ የሱስ ነገር ይመስላቸው ነበር።

ቡቲክ፦ ልብሱን የሚገዛው ጣቢያው ነው? የማይለበስስ አለ?

እትዬ፦ ስለ ጣቢያ አትጠይቁ ብያለሁ። ቀጫጭን ጥቅጥቅ ያለ መስመር ያለው ጨርቅ አይለበስም፤ በካሜራ ሲታይ ይርገበገባል። ከኋላሽ አረንጓዴ መጋረጃ ካለ አረንጓዴ አትለብሺም፤ ገላሽ ይጠፋና ጭንቅላትሽ ብቻ ዜና ያነባል። በበዓል ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ስንለብስ መብራት የሚያስተካክሉት ያለቅሱብናል፤ ልብሱን አስተካክለው ሲያዩት ፊታችን ጠቁሯል።

ተመራቂ፦ ሰላም እትዬ፣ ዜና አንባቢ ለመሆን ምን ላድርግ?

እትዬ፦ ከላይ አለ። አንብብ።

ተመራቂ፦ አይቼዋለሁ፤ ረዘመብኝና አጠር አድርገው ቢነግሩኝ ብዬ ነው።

እትዬ፦ ይህ ያነሰ ጽሑፍ የረዘመበት ሰው ግማሽ ሰዓት ዜና ሊያነብ ነው? ጮክ ብለህ አንብብ፣ በየቀኑ። አጥብቅ፣ አላላ፣ ራስህን ቅዳና ስማው። ለማን ልደውል ማለትህ ከሆነ ስልክ ቁጥር የለኝም። መጀመሪያ ሪፖርተር ሁን፤ ራሱ ዜና ጽፎ የማያውቅ ሰው የሌላውን ዜና ሲያነብ እንደ ተረከበው ዕቃ ነው የሚያስረክበው።

የድሮ ሰው፦ የዛሬዎቹ ሁሉም ተረካቢ ናቸው። ቴሌቪዥን በ77 ሲጀመር የነበሩት ግን!

እትዬ፦ ጋሼ፣ በ1977 የመጣው ቀለሙ ነው፣ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር። ቴሌቪዥኑ የተጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957፣ በንጉሡ የዘውድ በዓል ቀን ነው፤ ስቱዲዮው ማዘጋጃ ቤት ነበር። እነ ሳሙኤል ፈረንጅ ያነቡበት ዘመን ነው። በዛሬዎቹ አይፍረዱ፤ በየሰዓቱ ዜና አለ፣ ወረቀቱ የሚደርሳቸው ወንበር ላይ ከተቀመጡ በኋላ ነው። እኔ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ካልደረሰኝ እጮህ ነበር። እነሱ ቢጮሁ ሌላ ይቀመጣል።

የኮዬ ልጅ፦ እትዬ፣ እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት። ዜና ላይ የሰፈሮቻችንን ስም ሲያበላሹት ያናድደኛል።

እትዬ፦ ተናደድ፣ መብትህ ነው። ኦሮምኛ ማጥበቅና ማላላት አለው፣ በዚያ ላይ አናባቢ ይስባል። «ለፈ» መሬት ነው፣ ሲሳብ «ላፋ» ለስላሳ ነው። እኛ አማርኛ አንባቢዎች ሁሉንም በአንድ ልክ እንቆርጠዋለን። «ዸ»ንማ አብዛኞቻችን «ደ» ብለን እንገላገላታለን። እኔ የማላውቀው የቦታ ስም ሲመጣብኝ ካፍቴሪያ ወርጄ የዚያን አገር ልጅ እፈልግና ሦስት ጊዜ አስብለው ነበር። ቱሉ ዲምቱ «ቀይ ኮረብታ» ማለት መሆኑን የነገረኝ ያ የጅቡ ሌሊት ሾፌር ነው።

የናቲ አባት፦ ስለ ሰሞኑ ምርጫ ጉዳይ ምን ይላሉ?

እትዬ፦ ዘልየዋለሁ።

የሊያ እናት፦ እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በድምፅ አትላኩ ብለዋል። ሊያ ግን እንቢ ብላ ከጋዜጣ አንብባ ቀድታለች። አንድ ደቂቃ ናት፤ ካልፈለጉ አጠፋዋለሁ።

አስተባባሪ፦ የሊያ እናት፣ ሕጉ ለሁሉም ነው እንጂ…

እትዬ፦ ተዋት። ሊያ፣ ሰማሁሽ። አትቸኩዪም፣ ትንፋሽሽንም አራት ነጥብ ላይ ነው የምትወስጂው፤ ጥሩ ነው። «የመንገዱ ሥራ ገና አልተጠናቀቀም» የሚለው ላይ ግን «ና»ን አጠበቅሽው። ታኅሣሥ 29 አይደለም እኮ። አላልተሽ አንብቢውና መልሰሽ ላኪልኝ። በድምፅ።