ሰው አገር ላይ ባለጌ ሲያጋጥም፦ ልናገር ወይስ ልለፍ?

ለረፍት ደሴ ገብቻለሁ። ዱባይ ካሸር ሆኜ ዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን ጀርመን ውስጥ የከተማ ባቡር ላይ ትኬት እቆጣጠራለሁ። የማላውቀውን ሰው «ይቅርታ፣ ይሄ አይሆንም» እያልኩ ነው እንጀራዬን የምበላው። እዚህ ዘመድ ጥየቃ ስዞር ሁሉም ያንኑ ይጠይቀኛል፤ «ውጭ አገር ሰው ሲባልግ እያየን ዝም እንበል?» ስለዚህ ጥያቄ ያላችሁ ላኩ አልኩ፣ ላካችሁ። ጠበቃ እንዳልሆንኩ ግን ያዙልኝ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ ዱባይ ሊሄድ ቪዛ የሚጠብቅ)፦ እኛ ጋ ልጅ መንገድ ላይ ሲባልግ ያየው ሁሉ ይቆጣዋል። እዛ አንዱ ሰልፍ ጥሶ ፊቴ ቢገባ ምን ላድርግ?

አብሽር፣ ተራህን አታስነጥቅም። ግን ነገሩ እንደ እኛ ጋ አይደለም። ኮምቦልቻ ላይ የምትቆጣው ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ ታውቃለህ። ባታውቅ ሁለት ሰው ብትጠይቅ ይነግሩሃል። መልስ ቢሰጥህ እናቱ ማታውኑ ቡና ላይ ትሰማለች። ነገሩ ቢከር ሽማግሌ አለ። ዱባይ ሰልፍ ላይ የቆመው ሰው ግን አንተንም አያውቅህም፣ አንተም አታውቀውም። ብትጣሉ የሚገላግላችሁ ፖሊስ ነው።

እኔ ካሸር ሆኜ ያየሁት የሚሠራ ነገር ይሄ ነው። በእጅህ የሰልፉን ጫፍ አሳየውና በለሰለሰ ድምፅ «ሰልፉ ከዚያ ነው የሚጀምረው» በለው። ሳያውቅ ከሆነ የገባው ያፍርና ይሄዳል። አውቆም ከሆነ እንዳላወቀ ሆኖ የሚወጣበት በር ከፈትክለት። እምቢ ካለ ካሸሩን «ተራው የማን ነው?» ብለህ ጠይቅ። ከዚያ በኋላ ሥራው የካሸሩ ነው፣ ያንተ አይደለም።

ድምፅህን ከፍ ካደረግክና ስድብ ከአፍህ ከወጣ ግን ጨዋታው ይገለበጣል። በኤምሬትስ ስድብ ወንጀል ነው። የጣት ምልክት ማሳየት እንኳ ያስከስሳል፣ ከአገር ሊያስወጣህም ይችላል። በዋትሳፕ የላክኸው ስድብ ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የሳይበር ሕግ ለዚህ ከ250,000 እስከ 500,000 ድርሃም ቅጣት አስቀምጧል፣ እስርም አለበት። ሰውን ሳያስፈቅዱ መቅረጽም እዚያው ሕግ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ «ቀርጬ ቲክቶክ ላይ ላጋልጠው» የምትሉ ልጆች ተዉት። ያጠፋው እሱ፣ የሚከሰሰው አንተ ትሆናለህ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ባለጌው ሐበሻ ከሆነስ? ባቡር ውስጥ በስፒከር የምንጮኸው እኛው ነን እኮ።

ነን! ይሄን ጥያቄ የላክህ ሰው የኔን ባቡር ሳትሳፈርበት አልቀረህም።

ለሐበሻ መናገር ይቀላል። አንደኛ፣ በራሳችን ቋንቋ ስለምትነግረው ሰው ፊት አይዋረድም። ሁለተኛ፣ «ወንድሜ» ወይም «እትዬ» ብለህ መጀመር ትችላለህ፤ እሷ አንዲት ቃል ግማሹን ሥራ ትጨርሳለች። ሁሉም ሐበሻ መሳይ አማርኛ እንደማይሰማ ግን አትርሳ። ኤርትራዊ ሊሆን ይችላል፣ ሶማሌም ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ሰላም በለው፣ በምን እንደሚመልስልህ ስማ።

አንድ ቀን ማታ አንዲት እህታችን ስልኳን ፊቷ ላይ አቁማ በቪዲዮ ታወራለች። ስክሪኑ ላይ ረከቦት፣ የዕጣን ጭስ፣ አራስ የታቀፈች ሴት። ድምፁ ባቡሩን ሞልቶታል። ፊት ለፊቷ የተቀመጡት ሽማግሌ ጀርመናዊ ጋዜጣቸውን አጥፈው ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነው። ትኬቷን አየሁና «እታለም፣ ለቤተሰብ ሰላም በይልኝ፣ ድምፁን ግን ትንሽ ቀንሺው» አልኳት። ደነገጠች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ስልኩን ወደኔ አዞረችው! «አበሻ ነው! ከየት ነህ? የማን ልጅ ነህ?» ቤተሰቡ በሙሉ ተነሳብኝ። የወረኢሉ ሰዎች ናቸው። መረቁኝ፣ እኔም አሜን አልኩ። ባቡሩ ከበፊቱ የባሰ ጮኸ። ሽማግሌው ወርደው ሄዱ። ምክሬ ሁልጊዜ እንደማይሠራ እንድታውቁት ነው።

ጥያቄ (ከሐይቅ፣ እናት)፦ ልጄ ሪያድ ናት። ወጣ ስትል ወንድ ይከተላታል። «ዝም አይነቅዝም፣ አንገትሽን ደፍተሽ እለፊ» ነው የምላት። ልክ ነኝ?

እናቴ፣ ሰልፍ ለጣሰ ሰው ቢሆን ልክ ነዎት። ለዚህ ግን አይደሉም። ይሄ ብልግና ብቻ አይደለም፣ እዛው አገር ሕግ የሚያስቀጣ ነገር ነው። ሳውዲ እ.ኤ.አ. በ2018 የትንኮሳ ሕግ አውጥታለች። እስከ 2 ዓመት እስራትና እስከ 100,000 ሪያል ያስቀጣል፤ ከበድ ያለ ሲሆን እስከ 5 ዓመትና 300,000 ሪያል ይደርሳል።

ልጅዎ ከሰውየው ጋር አፍ አትካፈት። ሰው ወዳለበት ሱቅ ትግባ። ጥበቃ ካለ አጠገቡ፣ ቤተሰብ የያዘ ሰው ካለ አጠገቡ ትቁም። ጮክ ብላ «ይሄ ሰው እየተከተለኝ ነው» ትበል፣ በአረብኛ እንድታጠናው ያድርጉ። ሪያድ ላይ 911 ነው የሚደወለው። ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ስልኳ ላይ ትጻፍ። ዱባይ ያሉ ሴቶች ደግሞ ሜትሮ ላይ የሴቶችና የሕፃናት ቦታ አለላቸው። እዚያ የገባ ወንድ 100 ድርሃም ይቀጣል። ሴቶቹ ራሳቸው እንዲጣሉት አይጠበቅባቸውም፣ ለሠራተኛው መንገር ይበቃል።

ጥያቄ (ከባቲ፣ ከሳውዲ ተመላሽ)፦ አንዲት ልጅ መንገድ ላይ ስትዋረድ አይቼ ዝም ብዬ አለፍኩ። ወረቀት አልነበረኝም። እስካሁን ይከነክነኛል።

እህቴ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2013 ሳውዲ የጀመረችውን አፈሳ ወሎ ውስጥ የማያስታውስ ቤት የለም። ከ160,000 በላይ ሰው ነው የተመለሰው። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌለው ሰው አፉን ሲከፍት ምን እንደሚከተለው ያየሽው አንቺ ነሽ። እኔ ወረቀት ይዤ የምኖር ሰው ልፈርድብሽ አልችልም፣ ማንም አይችልም።

ዝም ያልሽው አንቺ ብቻም አይደለሽም። እ.ኤ.አ. በ1968 ዳርሊና ላታኔ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ኒውዮርክ ላይ የሠሩት ሙከራ አለ። ሰዎችን ቅጽ እንዲሞሉ ክፍል ውስጥ አስቀመጡና በግድግዳው ቀዳዳ ጭስ ለቀቁባቸው። ብቻውን ከተቀመጠው 75 በመቶው ወጥቶ ተናገረ። ዝም እንዲሉ አስቀድሞ ከተነገራቸው ሁለት ሰዎች ጋር ከተቀመጠው ግን 10 በመቶው ብቻ። የቀረው ዓይኑን እያሸ፣ ጭሱን በእጁ እየገፋ ቅጹን መሙላቱን ቀጠለ። የራሱ ሳንባ ውስጥ እየገባ! ሰው ሌላው ዝም ሲል «ምንም የለም ማለት ነው» ይላል። አንዱ ከተነሳ ግን ሌላውም ይነሳል።

ለወደፊቱ የምልሽ፣ ባለጌውን ሳትነኪ ተበዳይዋን መርዳት ይቻላል። አጠገቧ ሄደሽ እንደምታውቂያት ሆነሽ «አንቺ! ስፈልግሽ ነበር፣ ነይ እንሂድ» ማለት። ሰዓት መጠየቅ። ሁሉም ካለፈ በኋላ «ደህና ነሽ?» ማለትም ቀላል አይደለም። ብዙዎች የሚያስታውሱት ሰዳቢውን ብቻ አይደለም፣ ያየ ሰው ሁሉ ዞር ማለቱንም ጭምር ነው።

ጥያቄ (ከወልድያ፣ መምህር)፦ ጀርመኖች የማያውቁትን ሰው ይቆጣሉ ይባላል። ታዲያ እኛ ብንቆጣቸው ምን ክፋት አለው?

ይቆጣሉ፣ እንዴት አይቆጡ! በቀይ መብራት ተሻግረህ እይ። የእግረኛው ቅጣት 5 ዩሮ ነው፣ ስድስት ሰው የሚያወርድብህ ንግግር ግን ይበልጣል፤ በተለይ ሕፃን አጠገብህ ካለ። እሑድ ጠርሙስ ልትጥል ብትሄድ መስኮት ይከፈትብሃል። ሁሉንም ዘረኝነት አታድርጉት። የራሳቸውንም ሰው እንዲሁ ያደርጉታል። አንዳንዱ ግን ነው። ከፊትህ ሦስት ፈረንጅ እንደዚያው ሲያደርግ ዝም ብሎ አንተን ብቻ ከጠራህ ገባህ ማለት ነው።

እኛስ? መናገር ትችላላችሁ። የሚሠራው ግን ምክር ሳይሆን ጥያቄ ነው። «እግርህን ወንበር ላይ መስቀል ነውር ነው» ብትለው ይጣላሃል። «መቀመጥ እችላለሁ?» ብትለው እግሩን ያወርዳል። በሥራዬ የማደርገው ይሄንኑ ነው፣ ዩኒፎርም ለብሼ እንኳ። ስድብ ከመጣ ደግሞ ስድብ እዛም ወንጀል ነው። እስከ 1 ዓመት፣ ሕዝብ ፊት ከሆነ እስከ 2 ዓመት ሊያሳስር ይችላል። ለሁለታችሁም ነው ሕጉ። ቀድሞ የሰደበህን መልሰህ ብትሰድብ ፖሊስ ሲመጣ ሁለት ተሳዳቢ ነው የሚያገኘው። ቁጥሩ 110 ነው።

ጥያቄ፦ ሰካራም ከሆነስ?

አትናገረው። ውረድ፣ ቀጣዩን ባቡር ያዝ።

ጥያቄ፦ ጎረቤት ሌሊት ሙዚቃ ቢከፍትስ?

ጎረቤት እንግዳ ሰው አይደለም፣ ቀን ሄዳችሁ አንኳኩ። ጀርመን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 የጸጥታ ሰዓት ነው፣ እውነቱ ከናንተ ጋር ነው። እውነት ስለያዛችሁ ግን ሌሊት በሩን አትደብድቡ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ይሄ ሁሉ ፍርሃት ነው። የወሎ ሰው ነውር አይቶ አያልፍም! ምን አደረጉህ?

ፈርተሃል ብትለኝ አልጣላህም፣ ግን ወሎን አሳንሰሃታል። እኛ አገር አንድ ቤት ውስጥ እስላምም ክርስቲያንም አለ። ሠርግና ሐዘን ላይ የእስላሙ ሥጋ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ለብቻ ይሠራል። ማንም ተነስቶ «ለምን ይሄን አትበላም?» አይልም። አንዱ በጾሙ ላላ ቢል ሌላው አይቶ እንዳላየ ያልፋል። አማቹን ሰው ፊት የሚቆጣ አለ? የለም። ነገር ሲኖር ሽማግሌ ይላካል። እዚህ ማን ለማን መናገር እንዳለበት አሳምረን እናውቃለን፤ ዱባይ ስንወርድ ነው ሁሉም የሁሉም አስተማሪ ልሁን የሚለው።

ሳውዲም እ.ኤ.አ. በ2019 የአደባባይ ጨዋነት ደንብ ስታወጣ 19 ጥፋቶችን ዘርዝራ ቅጣቱን ለፖሊስ ነው የሰጠችው። ቆሻሻ የጣለ፣ በሶላት ሰዓት ሙዚቃ የከፈተ ሁሉ አለበት። ላንተ የተሰጠ ሥልጣን ግን የለም።

ሰው ሲጎዳ ካየህ ተናገር፣ ጥራ፣ ደውል። አንተን ራስህን ከነካህ ለስለስ አድርገህ ጠይቅ። ማንንም ያልጎዳ ብልግና ከሆነ፣ ማስቲካ ማጮህም ይሁን በሰው ፊት ማፏጨት፣ ምን አገባህ?

ጥያቄ፦ እኔን ቢቆጡኝስ?

«ይቅርታ» በልና አስተካክል። ልክ ባይሆኑም ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ተማሪ)፦ ጋሼ፣ ጀርመን መጥቼ ያለ ትኬት ብትይዘኝ፣ የደሴ ልጅ ነኝ ብልህ ትለቀኛለህ?

አልለቅህም። 60 ዩሮ ነው። ከሥራ ስወጣ ግን ቡና እጋብዝሃለሁ።